ናዳ ከመውረዱ በፊት

ሐምሌ 14 ቀን 2016 ዓ.ም. እሑድ፣ በጎፋ ዞን ገዜ ጎፋ ወረዳ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ የተራራው ጎን ተንዶ ጥቂት ቤቶችን ከነቤተሰባቸው ቀበረ። ወሬው ከመንደር መንደር ተዳረሰ። ሰኞ ጠዋት ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ መምህሩ፣ የጤናና የግብርና ባለሙያው፣ የአካባቢው አመራር ሳይቀር ዶማና አካፋ ይዞ ደረሰ፤ መሣሪያ ያልያዘው በእጁ ይጭር ነበር። ሰው በቁፋሮው ላይ እንደተሰበሰበ የቀረው ተራራ ዳግመኛ ወረደ። በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩት የጥቂት ቤቶች ሰዎች ነበሩ፤ አገሩን ሁሉ ማቅ ያለበሰው ሁለተኛው ነው። በሁለት ቀን ውስጥ የሟቾች ቁጥር ከ200 አለፈ፤ የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮም የአካባቢውን ባለሥልጣናት ጠቅሶ 257 አድርሶታል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ሌላ ሰው ሊያድኑ የሄዱ ነበሩ።

ሁለት ሳምንት እንዳለፈ፣ ሐዘኑ ሳይበርድ፣ በዚያው በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በወላይታ ዞን ኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ሌላ ናዳ ወርዶ ከ10 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ ብዙ ቤተሰብም ከቀዬው አፈናቀለ። ለወላይታ የመጀመሪያው አልነበረም። በ2008 ዓ.ም. አገሩ በኤልኒኖ ድርቅ ተንገላቶ ዝናብ ሲያይ እፎይ ባለበት በግንቦት መጀመሪያ፣ በዞኑ የደረሰው ጎርፍና ናዳ 40 ያህል ሰው ወስዷል። ከኦሞ ማዶ ያለው ኮንታም በጥቅምት 2012 ዓ.ም. በአንድ ናዳ ከ20 በላይ ሰው አጥቷል።

ግንቦት፣ ሐምሌ፣ ጥቅምት። ብዙው የሰሜን ሰው ስለ ናዳ ሲያስብ ክረምትን ብቻ ያስባል። በወላይታ ግን ዝናቡ ሁለት ጊዜ ይበረታል፤ በበልግ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ በክረምት ደግሞ ከሰኔ እስከ መስከረም። በመካከሉ መሬቱ በደንብ የሚጠነፍፍበት ጊዜ አጭር ነው። በልጉ ጠግቦ ክረምቱ ቶሎ የገባበት ዓመት፣ ወይም ዝናቡ እስከ ጥቅምት የዘለቀበት ዓመት፣ ገና አንድ ቤት ሳይናድ ሊያሳስበን ይገባል።

ወላይታ ሶዶ ላይ ቆሞ ወደ ሰሜን ላየ ዳሞታ ከከተማዋ ራስጌ ነው፤ ጥንት እሳተ ገሞራ የነበረ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 2900 ሜትር ገደማ የሚደርስ ተራራ። ከሶዶ በምሥራቅና በደቡብ በኩል ወደ ቢላቴ ወንዝና ወደ አባያ ሐይቅ ሲወረድ ሜዳው እየሰፋ ይሄዳል። በምዕራብ ያለው አገር ሌላ ነው። በኪንዶ ኮይሻ፣ በኪንዶ ዲዳዬና በኦፋ በኩል መሬቱ ወደ ኦሞ ሸለቆ ይወርዳል። የሸለቆውን ጥልቀት ለመገመት አንድ ነገር ይበቃል፦ ከ240 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ የተሠራው እዚሁ፣ በወላይታና በዳውሮ መካከል፣ በሸለቆው ግራና ቀኝ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ነው። ወደዚህ ሸለቆ የሚወርዱት ጅረቶች በዘመናት ብዛት ኮረብታውን እየቆራረጡ ቁልቁለቱን አበርትተውታል።

በዚህ ቁልቁለት ላይ የተኛው አፈር ቀይና ጥልቅ ሸክላማ አፈር ነው። የእሳተ ገሞራ አለት በዝናብና በሙቀት ተበልቶ፣ ተፈርፍሮ የተፈጠረ ነው። ለእንሰቱ፣ ለቦሎቄው፣ ለስኳር ድንቹና ለጎደሬው የሚመቸው ይኸው አፈር ነው፤ ሰው የሚኖረውም አፈሩን ተከትሎ ነው። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የዞኑ ሕዝብ 1.5 ሚሊዮን ያህል ነበር፤ ስፋቱ ግን 4,500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ወላይታ በአገራችን ገጠር ሰው በብዛት ተጠጋግቶ ከሚኖርባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። አባት ለልጅ የሚያካፍለው መሬት ሲያልቅ ልጅ ጎጆ የሚወጣው ወደ ገደሉ አፋፍ፣ ወይም ከገደሉ ሥር ነው። ናዳው የሚያገኛቸው አዲስ ጎጆ ወጪዎች የሚበዙት ቦታውን ስላላወቁት አይመስለኝም፤ ሌላ ቦታ ስላልቀረላቸው ነው።

ተዳፋት መሬት ቆሞ የሚታየው ሁለት ኃይሎች ስለተመጣጠኑ ነው። አንዱ የአፈሩ ክብደት ነው፤ ቁልቁል ይስበዋል። ሌላው አፈሩ እርስ በርሱና ከሥሩ ካለው አለት ጋር ያለው መያያዝና መፋተግ ነው፤ ባለበት ይይዘዋል። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እስከበለጠ ድረስ መሬቱ ሺህ ዓመትም ይቆማል። ይህን ሚዛን የሚያናጋው ብዙ ጊዜ ውሃ ነው።

የውሃው ክብደት ብቻውን ቀላል አይደለም። 100 ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት ኃይለኛ የሁለት ወይም የሦስት ቀን ዝናብ ነው። ይህ ዝናብ በአንድ ጥማድ፣ ማለትም በሩብ ሄክታር መሬት ላይ ሲወርድ 250 ቶን ውሃ ይሆናል፤ አምስት አምስት ቶን የጫኑ 50 አይሱዙ መኪኖች በአንድ ጓሮ ላይ እንደመቆም ነው። ሁሉም አይሰርግም፤ ከፊሉ ይፈስሳል። የሰረገው ግን ከክብደቱ የባሰ ሌላ ሥራ ይሠራል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያለው ክፍተት አየር ሲሆን ቅንጣቶቹ ተጫጭነው፣ ተፋትገው ይቆማሉ። ክፍተቱ በውሃ ሲሞላና ውሃው መውጫ ሲያጣ ቅንጣቶቹን ከውስጥ ይገፋቸዋል። ከላይ ያለው ሸክም በቅንጣቶቹ ላይ መጫኑ ቀርቶ በውሃው ላይ ያርፋል፤ ውሃ ደግሞ ተፋትጎ መያዝ አይችልም። ያን ጊዜ ትናንት የቆመው ተዳፋት፣ ክብደቱ ብዙም ሳይለወጥ፣ መያዣው ከሥሩ ይጠፋል።

ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። ውሃው ከላይኛው አፈር ተነሥቶ ሸክላው ወይም አለቱ ላይ ደርሶ እስኪጠራቀም ሰዓታት፣ አንዳንዴም ቀናት ያልፋሉ። ስለዚህ ናዳ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ፀሐይ ወጥታ ሰው ልብሱን ሲያሰጣ ሊወርድ ይችላል። «ዛሬማ አልዘነበም» ብሎ ወደ ቤት መመለስ ብዙ ሰው አስበልቷል።

ሁሉም ናዳ አንድ ዓይነት አይደለም። ጥልቅ ሆኖ በቀን ጥቂት ሚሊ ሜትር እያለ ለዓመታት የሚንሸራተት አለ፤ ቤት ያጣምማል፣ መንገድ ይሰነጥቃል፣ ሰው ግን ብዙ ጊዜ አይገድልም። በዓባይ በረሃ፣ በጎሐ ጽዮንና በደጀን መካከል ያለው መንገድ የሚሰቃየው በአመዛኙ በዚህ ዓይነቱ ነው። ደሴም እንዲሁ ታውቀዋለች። የሚገድለው የአፈሩ ላይኛው ክፍል በአንድ ጊዜ ለቅቆ፣ ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ እንደ ጭቃ ወንዝ የሚወርደው ነው። እሱ ከሰው ሩጫ እጅግ ይፈጥናል፤ ከመጣበት ቁልቁለት አልፎም ሜዳው ላይ ሩቅ ይሄዳል። ከገደሉ አንድ መቶ ሜትር ርቄያለሁ ማለት ስለዚህ ዋስትና አይሆንም፤ በተለይ ቤቱ የቆየ የጎርፍ መውረጃ አፍ ላይ ከሆነ።

የሰው እጅ የሚገባበት ቦታ አለ፤ ይህን ሳይሸፋፍኑ መናገር ይገባል። ተዳፋት ላይ ቤት የሚሠራ ሰው መጀመሪያ መሬቱን ቆርጦ ደልዳላ ያወጣል። በቤቱ ጀርባ እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ የቆመ ቁርጥ አፈር ይቀራል፤ የተቆረጠው አፈር ደግሞ ከፊት ለፊት ተደፍቶ መድረክ ይሆናል። ሁለቱም ደካሞች ናቸው፤ ከኋላ ያለው እግሩን አጥቷል፣ ከፊት ያለው ገና አልተጠቀጠቀም። መንገድ ሲቆረጥ፣ ድንጋይና ገረጋንቲ ከኮረብታ ሥር ሲወጣም የሚሆነው ይኸው ነው፤ ተራራን የሚይዘው ግርጌው ነውና።

ከሁሉ የሚያስገርመው የእርከን ነገር ነው። እርከን አፈር ያድናል፤ የተፋሰስ ልማት ዘመቻ በየዓመቱ ሕዝቡን የሚያወጣውም ለዚህ ነው። ነገር ግን በጣም ቁልቁል በሆነ፣ ጥልቅ ሸክላማ አፈር ባለበትና ዝናብ በሚበዛበት ቦታ ውሃውን ባለበት አቁሞ የሚያሰርግ ደልዳላ እርከን፣ መሬቱ ከሚችለው በላይ ሊያጠጣው ይችላል። በእንዲህ ያለው ቦታ የሚሻለው ትንሽ ያዘነበለ፣ ውሃውን ቀስ ብሎ ወደ ጎን መርቶ በሣር በተሸፈነ መውረጃ የሚያወጣ እርከን፣ ከላዩም የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ ነው። የግብርና ባለሙያዎቻችን ይህን ያውቁታል። በዘመቻ ጊዜ በቀን ስንት ሜትር ተሠራ የሚለው ጥያቄ ብቻ ሲገን ግን ልዩነቱ ይረሳል።

ዛፍስ? ሥር የላይኛውን አንድ ሁለት ሜትር አፈር አስሮ ይይዛል፤ ውሃም ጠጥቶ ወደ አየር ያወጣል። ሥሩ የማይደርስበትን ጥልቅ መንሸራተት ግን አያቆምም። እንሰት ደግሞ ለአፈር ለምነት፣ ለጥላና ለምግብ የሚተካው ባይኖርም ሥሩ ጥልቀት የለውም፤ ኮረብታ ያዥ አድርጎ ማሰብ ስህተት ነው። ዛፍ ተራራን ለመያዙ ግን ወላይታ ራሷ ጥሩ ምሳሌ አላት። በሁምቦ ወረዳ ከአባያ ሐይቅ በላይ ያለው ሰንሰለታማ ተራራ ለከሰልና ለማገዶ ተጨፍጭፎ ራቁቱን ቀርቶ ነበር። ከ1998 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ የአካባቢው ገበሬዎች በሰባት የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅተው፣ ከወርልድ ቪዥንና ከዓለም ባንክ ጋር በመተባበር 2,728 ሄክታር መሬት ከልለው መልሰው በደን ሸፈኑት። አብዛኛውን ችግኝ ተክለው አላመጡትም፤ ከተቆረጠው ዛፍ ጉቶ የሚወጣውን ቀንበጥ እየመረጡ፣ እየገረዙና ከከብት እየጠበቁ አሳደጉት። ሥሩ ድሮውንም መሬት ውስጥ ስለነበረ ተራራው ከአዲስ ችግኝ በቶሎ ተያዘ። በ2002 ዓ.ም. ፕሮጀክቱ በዓለም አቀፉ የካርበን ሥርዓት ተመዘገበ፤ ገበሬዎቹም ደኑን በመጠበቃቸው ገንዘብ አገኙ። በኦሞ በኩል ባሉት ቁልቁለቶች ላይ ጉቶው ገና ያልሞተበት ቦታ ካለ የሁምቦ ሰዎች ቢጎበኙት ምን ያህል በጠቀመ እላለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ናዳ ድንገተኛ ይባላል። የመጨረሻው መውረድ በእርግጥ የደቂቃ ጉዳይ ነው፤ መሬቱ መልቀቅ የሚጀምረው ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ነው። በአሜሪካ በዓመት ከ1,000 በላይ ቶርኔዶ የሚባል አውሎ ነፋስ ይነሣል፤ በራዳርና በሳተላይት ታግዞም ለአንድ መንደር የሚደርሰው ማስጠንቀቂያ ብዙ ጊዜ ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። የኪንዶ ኮረብታ ግን ቀናትን ሊሰጥ ይችላል። ምልክቱን የሚያነበው መሣሪያ ከፍ ያለ ዋጋ የሚያወጣ አይደለም፤ ጓሮውን ጠዋት ማታ የሚያይ ሰው ዓይን ነው።

መጀመሪያ የሚታየው ከቤቱ በላይ፣ በእንሰቱ መካከል ወይም በግጦሹ ላይ የሚወጣ ስንጥቅ ነው። በበጋ መሬት ሲደርቅ የሚሰነጣጠቀው በየአቅጣጫው የተዘበራረቀና አጫጭር ነው። የናዳው ስንጥቅ ግን አንድ ረጅም መስመር ሆኖ ኮረብታውን አግድም ይቆርጣል፤ ጫፍና ጫፉም ወደ ታች ይቆለመማል። ከስንጥቁ በታች ያለው መሬት ከላይኛው በጣት ወይም በስንዝር ዝቅ ብሎ ከተገኘ ነገሩ ተጀምሯል ማለት ነው። ሣር ሸፍኖት በዓይን ላይታይ ስለሚችል እየረገጡ መፈለግ ያስፈልጋል።

ቤቱም ይናገራል። ትናንት ያለ ችግር የሚዘጋው በር ዛሬ መድረኩን ይፍቃል። ብዙ ሰው «እርጥበት አሳብጦት ነው» ብሎ ያልፈዋል፤ እውነትም እንጨት በዝናብ ያብጣል። መለየት ግን ይቻላል። ያበጠ በር በርዝመቱ ሙሉ ይጠብቃል። መቃኑ የተጣመመ ከሆነ ግን በሩ አንዱ ማዕዘን ላይ ሲነክስ በተቃራኒው ማዕዘን ክፍተት ይታያል። ክብደት በክር አንጠልጥሎ ከምሰሶው ጋር ማስተያየት የበለጠ ያረጋግጣል። የጭቃው ምርጊት በማዕዘን በኩል በሰያፍ ከተሰነጠቀ፣ የቆርቆሮው ምስማር ከተነቀለ፣ ቀጥ ብሎ የነበረው አጥር ሆዱን ካወጣ፣ ባሕር ዛፉ በአንድ ሳምንት ውስጥ ካጋደለ ምክንያቱ ከመሠረቱ በታች ነው።

ከዚያ ውሃው አለ። ሴቶችና ልጆች በየቀኑ ምንጭ ስለሚወርዱ ይህን ምልክት ከማንም በፊት የሚያዩት እነሱ ናቸው፤ ሲናገሩ መስማት ይገባል። ለዘመናት የጠራ ምንጭ በድንገት ደፍርሶ መውጣቱ፣ ወይም መድረቁ፣ ወይም ጨርሶ ባልነበረበት የገደል ግርጌ አዲስ ውሃ መፍለቁ፣ ከውስጥ የውሃው መንገድ መቀየሩን ያሳያል። ከሁሉ የሚያስደነግጠው ደግሞ ዝናቡ እየዘነበ ወንዙ ሲቀንስ ነው። ከላይ አንድ ቦታ አፈር ወርዶ ወንዙን ገድቦታል፤ ግድቡ ሲሰበር የሚመጣው ጭቃና ድንጋይ ነው። እንዲህ ሲሆን ምን መጣ ብሎ ወንዙን ሽቅብ ተከትሎ ማየት አይገባም። ከወንዙ ዳር ወዲያው ወደ ጎን፣ ወደ ከፍታ መውጣት ብቻ ነው።

ስንጥቅ የተገኘበት ቤተሰብ የሚያደርገው ቀላል ነገር አለ። ከስንጥቁ ወዲህና ወዲያ አንዳንድ ችካል ይተክላል፤ በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሜትር ወይም ቋጠሮ ባለው ገመድ ይለካል፤ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት እየለካ ይጽፋል። ርቀቱ እየሰፋ ከሄደ፣ ይልቁንም የዛሬው ጭማሪ ከትናንቱ ከበለጠ፣ ሌላ ምልክት መጠበቅ አያስፈልግም። ስንጥቁን በሸክላ ጠቅጥቆ ከላዩ የውሃ መቀልበሻ ቦይ ማውጣት ጊዜ ይሰጣል፤ አደጋውን ግን አያስቀርም፤ በሚንቀሳቀስ መሬት ላይ ቆሞ መቆፈርም ራሱ አደጋ ነው።

ዝናብ መለካትም ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው። ወገቡ ቀጥ ያለ ግልጽ ፕላስቲክ ጠርሙስ አንገቱን ቆርጦ፣ የተቆረጠውን እንደ ማጥለያ ገልብጦ ውስጡ አስገብቶ፣ ጎኑ ላይ ማስመሪያ ለጥፎ ሜዳ ላይ ማቆም ነው። ሻይ በሚመረትባቸው የስሪላንካ ኮረብታዎች ሰዎች በዚህ ዓይነት መለኪያ ይጠቀማሉ። በ24 ሰዓት ውስጥ 75 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ነቅተው ይጠብቃሉ፣ በ100 ይዘጋጃሉ፣ በ150 ይወጣሉ። ቁጥሩ የተቆረጠው ለእነሱ አፈር ስለሆነ እንዳለ ተገልብጦ አይወሰድም። ወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ፣ የሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትና የጂኦሎጂካል ኢንስቲትዩት ተቀምጠው ለኪንዶ፣ ለኦፋና ለቦሎሶ ቦምቤ ወረዳዎች የየራሳቸውን ቁጥር ቢያወጡ ግን ከብዙ የግንዛቤ ስብሰባ የበለጠ ይሠራል።

ናዳው ሲመጣ ድምፁ ይቀድማል፤ ዛፍ ሲሰበር፣ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ፣ መሬት ሲያጉረመርም። ቁልቁል መሮጥ በደመ ነፍስ የሚመጣ ነው፤ ገዳይ የሚሆነውም ጭቃው በዚያው መንገድ ስለሚወርድ ነው። የሚያዋጣው ወደ ጎን፣ ከውሃ መውረጃው ወጥቶ ወደ ሸንተረሩ መሮጥ ነው። ማምለጫው ቀን በብርሃን ታይቶ፣ ሕፃናቱም ሄደውበት ማወቅ አለባቸው፤ ሌሊት በጨለማ፣ በዝናብ ውስጥ የሚፈለግ መንገድ አይገኝም። ከብትና ዕቃ ለማውጣት መመለስ የለም። ከብት ለወላይታ ገበሬ ምን እንደሆነ ስለማውቅ ይህን የምለው ቀሎኝ አይደለም። መፍትሔው ስጋቱ ባየለበት ሰሞን ከብቱን አስቀድሞ ወደ ደኅና ቦታ፣ ወደ ዘመድ በረት ማዛወር ነው።

ከሁሉ የከበደው የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ጩኸት ሰምቶ አለመሮጥ በእኛ አገር ነውር ነው፤ ነውር ሆኖም ይኑር። ጎፋ ላይ የሞቱት ሰዎች ያደረጉት ማንም ጨዋ ሰው የሚያደርገውን ነው። መማር ያለብን የሚሮጠው ሰው እንዴት እንደሚሮጥ ነው።

ሁለተኛ ናዳ የሚከተልበት ምክንያት ግልጽ ነው። የመጀመሪያው ሲወርድ ለላይኛው መሬት ድጋፍ የነበረውን ይዞ ይሄዳል። ከላይ የሚቀረው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ገና እርጥብ፣ ጀርባው የተሰነጠቀ ገደል ነው። የኮረብታው ውሃ መውረጃው ተቆርጦበት እዚያው ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ሰዉ ደግሞ የሚቆፍረው ግርጌውን ነው፤ ያንን ገደል የያዘው የመጨረሻው ድጋፍ ያ የወደቀ አፈር ሊሆን ይችላል። በመቶ የሚቆጠር ሰው በዚያ ጠባብ ቦታ ሲሰበሰብ አንድ ጊዜ ቢለቅቅ የሚደርሰውን አየነው።

ስለዚህ ከሁሉ በፊት አንድ ሁለት ሰው ከጎን በኩል፣ ካልተናደ ሸንተረር ላይ ሆኖ የተቆረጠውን ገደል የሚያይበት ቦታ ይቆማል። ሥራው ማየት ብቻ ነው፤ አካፋ አያነሣም። የእድር ጡሩምባ ወይም ፊሽካ ይይዛል። ጠጠር መንጠባጠብ ሲጀምር፣ ስንጥቅ ሲሰፋ፣ ውሃ ከገደሉ ፊት ሲመነጭ ይነፋል፤ ያን ጊዜ ሁሉም ያለውን ጥሎ አስቀድሞ ወደ ተስማሙበት ጎን ይሮጣል። ማን እንደገባ ስሙ በወረቀት ይያዛል። የሚገቡት ጥቂት ናቸው፤ ሌላው ከአደጋው ክልል ውጭ ሆኖ ተራውን ይጠብቃል፣ ውሃ ያመላልሳል፣ ቃሬዛ ያዘጋጃል። ከጭቃው መሐል ይልቅ ከዳርና ከዳር መጀመር ይሻላል። ቤቱ የነበረበት ቦታ ላይ መቆፈርም ብዙ ጊዜ ከንቱ ነው፤ ጭቃው ቤቱን ይዞ ስለሚወርድ ቆርቆሮው፣ ወጋግራው፣ የቤት ዕቃው ወዴት እንደተዘረጋ ተከትሎ መፈለግ ያስፈልጋል። በየመካከሉ ሁሉም ዝም ብሎ፣ አንድ ሰው ተጣርቶ ማዳመጥ አለ። በጭቃ ሙሉ በሙሉ የተሸፈነ ሰው ብዙ ደቂቃ አይቆይም። ወጋግራና ጣራ ተደግፈው ትንሽ አየር ያስቀሩለት ሰው ግን ሰዓታት ሊቆይ ይችላል፤ ድምፁ የሚሰማውም የእሱ ነው።

ገደሉ መንቀሳቀሱን ከቀጠለ ደግሞ የሰው ድምፅ እየተሰማም ቢሆን መውጣት ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ይህን መጻፍ ይከብዳል፤ እዚያ ቆሞ መወሰን ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት ይቻላል። ለዚህ ነው ውሳኔው በዚያች ሰዓት በልቅሶ መካከል ለሚቆም ሰው መተው የሌለበት። እድሩ፣ የቀበሌው አመራርና የሃይማኖት አባቶች በበጋ፣ በሰላሙ ጊዜ ተነጋግረው፣ ጡሩምባውን የሚይዘውን ሰው መርጠው፣ ቃሉም እንዲከበር ተስማምተው መቆየት አለባቸው።

እ.ኤ.አ. በሰኔ 1972 ሆንግ ኮንግ በአንድ ቀን ሁለት ናዳ ወርዶባት 138 ሰው አጣች። መሬቷ እንደ እኛው ጥልቅ፣ የተበላ አለት የተሸከመ ቁልቁለት ነው፤ ሕዝቧም በጠባብ ቦታ ተጨናንቆ ይኖር ነበር። ከአራት ዓመት በኋላ ዳግመኛ ስትመታ፣ በ1977 ተዳፋት የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት አቋቋመች። ሰው የቆረጠውን ወይም የደለደለውን ተዳፋት ሁሉ መዝግባ ቁጥር ሰጠችው፤ ዛሬ መዝገቡ ላይ 60,000 ያህል አለ። ዝናቡ እንደ ድሮው ነው፤ ሟቾች ግን እጅግ ቀንሰዋል። ሀብታቸው የለንም፤ መዝገቡ ግን ሀብት አይጠይቅም። የግብርና ልማት ሠራተኛውና የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በቀበሌያቸው የእያንዳንዱን ቤት ደጃፍ ያውቃሉ። ከቁርጥ አፈር ሥር ያሉትን፣ ከውሃ መውረጃ አፍ ላይ ያሉትን፣ ከላያቸው ስንጥቅ የታየባቸውን ቤቶች በአንድ ደብተር መያዝ ይችላሉ።

ከዚያ ሰውን ማንሣት ይመጣል፤ እዚህ ላይ ባለሥልጣንም ጋዜጠኛም ቶሎ ይፈርዳል። «ተነሡ ተብለው እንቢ አሉ» ይባላል። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፤ ቡናውም እንዲሁ። የአባት መቃብር እዚያው ነው። በሌላ ቦታ የሚሰጥ ትርፍ መሬት በሌለበት ዞን ለዘለቄታው ተነሣ ማለት የምትበላበትን ተው ማለት ነው። ለዘለቄታው ማስፈር የመንግሥት ትልቅ ሥራ ነው፤ መሬት፣ ውሃና ትምህርት ቤት ተዘጋጅቶ የሚሆን ነው። እስከዚያው ሊሠራ የሚችለው ግን ትንሽና ቅርብ ነው። ሰው ቀን ማሳው ላይ ውሎ፣ ዝናቡ በበረታባቸው ጥቂት ሳምንታት ሌሊቱን ብቻ ሌላ ቦታ ማደር ይችላል። ቀን ምልክት ያያል፣ ይሮጣል፤ ሌሊት ተኝቶ ያለ ሰው ግን ሁለቱንም አይችልም።

በሐምሌና በነሐሴ ትምህርት ቤቶች ዝግ ናቸው፤ በግንቦትም ቢሆን ሌሊት ማንም አያድርባቸውም። የእምነት ቤቶች አዳራሽም በየቀበሌው አለ። ከገደል ሥር ያልተሠራውን መርጦ፣ መጸዳጃና መብራት አስተካክሎ፣ የትኛው ቤተሰብ በየትኛው ክፍል እንደሚያድር ከወዲሁ መመደብ ይቻላል። የክፍሉ ቁልፍ ማን ዘንድ እንደሚያድርም ክረምቱ ሳይገባ መታወቅ አለበት።